ፍርሃት ቁጥር አሥራ ሰባት

«እንኳን ደስ ያለሽ መምህርት! ያስፈራል! በጣም ነው የሚያስፈራው! ዛሬ ጠዋት ሰምቼው ሽንት ቤት ስገባ በሩን ሳልዘጋ ነው የተቀመጥኩት!»

ስልኩ ውስጥ የሚጮኸው ሰውዬ ኩራሞቺ ይባላል፤ የአኒሜው፣ ማለትም የካርቱን ተከታታዩ፣ የድምፅ ዳይሬክተር ነው፤ ሙዚቃ ደራሲን በክብር መምህርት ብሎ ነው የሚጠራው። ስልኩ ያለው የሙዚቃ ደራሲዋ የሺኖቡ ግራ ጆሮ ላይ ነው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ስለለቀቀችው ግን ኩሽናው ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማል። ልጇ ኮዙኤ ትሰማለች፣ የሺኖቡ አባት አዛውንቱ ቶኩጂ ይሰማሉ፣ በረንዳው ላይ የተኮራመተችው የጎረቤት ድመት እንኳ ጆሮዋን አቁማለች። ይኸው ሰውዬ ወሩን ሙሉ «ፍርሃትሽ አያስፈራም፤ ውሻዬ እያንኮራፋ ተኛበት» ሲል ነበር የከረመው። ኮዙኤ ሾርባዋን ፉት እያለች፣ ሰውን ስላስፈራች እንኳን ደስ ያለሽ የምትባል እናት ያለኝ በኔሪማ ሰፈር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም ብላ አሰበች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የሠላሳ ነው። ለእናቷ እንኳን ደስ ያለሽ ልትል አፏን ስትከፍት የአያቷን ፊት አየችና ዘጋችው። አዛውንቱ የምግብ እንጨታቸውን በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው ዱባ ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀርተው ግድግዳውን ያያሉ። ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲባል እንዲህ አያይም። እንዲህ የሚታየው ሰው መርዶ ሲረዳ ነው።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ በወር ሰባ ስምንት ሺህ የን ይከፈልበታል። የሰኔ ዝናብ ከገባ ወዲህ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ሻጋታው እንደ ካርታ እየሰፋ ሄዷል፤ ፎጣው አይደርቅም፣ ወረቀቱ ሁሉ ላብ እንደነካው የረጠበ ነው። ሺኖቡ የምትሠራው ፍራሽ በሚቀመጥበት የግድግዳ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ብርድ ልብስ ታጭቋል፤ ከታች ኪቦርድ፣ ኮምፒውተርና አንዲት ሴት ተኮራምታ የምትቀመጥበት ቦታ አለ። ተንሸራታቹን በር ስትዘጋው ብርድ ልብሱ ድምፁን ይውጠዋል፤ ጎረቤትም አያማርር። ለስምንት ዓመት ከዚያ ቁምሳጥን የወጣው የሱፐርማርኬት ዓሣ መሸጫ ሙዚቃ ነበር፤ «ትኩስ ነው፣ ትኩስ ነው» የሚል፣ ሰውን ሽሪምፕ እንዲገዛ የሚያሳብድ። ይህ አኒሜ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። ሥዕሉ ገና ተሥሎ ስላላለቀ አይታ አይደለም የምትሠራው። ከኩራሞቺ ዘንድ ዝርዝር ይመጣል፤ ቁጥር ሦስት፣ ጠዋት፣ ደስ የሚል፤ ቁጥር ዘጠኝ፣ ናፍቆት፣ ዝናብ ያለበት፤ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ፍርሃት፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ማብቂያ የሌለው። በቃ፣ ይኸው ነው። የተከታታዩን ክፍሎች ሁሉ ከዚህ ዝርዝር እያነሱ ሥዕሉ ላይ ይለጥፉታል።

ወትሮ ለእያንዳንዱ ቁጥር የመጀመሪያዋ ሰሚ ኮዙኤ ነበረች። እናቷ ማዳመጫውን ታስጠልቃትና ፊቷን ትመለከታለች፤ «እማ ይሄ ያስለቅሳል»፣ «እማ ይሄማ አሁንም ዓሣ ዓሣ ይላል» ትላታለች። አሥራ ሰባትን ግን አላሰማቻትም። ስትጠይቃት «አላለቀም» አለቻት፤ ስትደግም «ለልጅ አይሆንም» አለቻት። ይህች ሴት ልጇን በዘጠኝ ዓመቷ የአጽም ፊልም ያሳየች ናት! ስለዚህ ዛሬ፣ ትምህርት ቤቱ የምሥረታ ቀኑን ስለሚያከብር ዕረፍት የሆነው ሐሙስ ላይ፣ ሺኖቡ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ኮዙኤ ቁምሳጥኑ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ማዳመጫው ገና የእናቷ ሙቀት ነበረበት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ፣ ከወለሉ ሥር እንደሚመጣ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ይነሣል፤ ዜማ አይደለም፣ ትልቅ እንስሳ በዝግታ ሲተነፍስ ይመስላል። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ላዩ ላይ ቀጭን ፉጨት አለ። ጀበናም አይደለም፣ ወፍም አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም አይደለም፤ መርፌ ድምፅ ቢኖረው እንዲህ ይሆናል። ታችኛው ድምፅ ሲተነፍስ ይሄኛው አይተነፍስም። ኮዙኤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መብራቱ በርቶ፣ ጫማው በር ላይ ተደርድሮ፣ ቤቱ ውስጥ ግን አንድም ሰው የሌለ መሰላት። የእናቷንና የአያቷን ስም ትጠራለች፣ ማንም አይመልስም። ማልቀስ እንኳ አላማራትም፤ ማልቀስ የሚሰማ ሰው ላለው ነው። ሦስት ደቂቃው አልቆ ዝም ሲል ፉጨቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ትንሽ ቆየባት፤ ከዚያ እግዜር ይመስገን ተወት አደረጋት።

ደሞ አንድ ነገር ቅር አላት። ድምፁ ሁሉ ያጋደለው ወደ ቀኝ ነው። ግራዋ ላይ በቅጡ ይሰማል፤ ቀኝ ጆሮዋን ግን ሊበጥሰው ደርሶ ነበር። ሽቦው ተበላሽቷል ብላ ማዳመጫውን ገልብጣ አደረገችውና ደገመችው። አሁን ግራዋን አመማት። እንግዲህ ጥፋቱ የሽቦው አይደለም፤ የሠራችው ሴት ናት እንዲህ ያጋደለችው። ሺኖቡ ደግሞ የአንድ ጸጉር ስፋት ያህል ዝንፈት እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ናት። ኮዙኤ ማዳመጫውን ልትመልስ ስትል ከኪቦርዱ ሥር የገባ ፖስታ በጣቷ ነካች። የታሸገ ነው፤ ላዩ ላይ የጆሮ ሐኪም ማኅተም አለበት፣ «ለሆስፒታሉ የሚሰጥ» ይላል። አብሮት ቢጫ ወረቀት ተሰክቷል። ቀኝ ጆሮ፤ ድንገተኛ የመስማት መጥፋት፤ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም፤ ሕመሙ በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕክምና ካልተገኘ የመመለስ ተስፋው በጣም ይመነምናል። ከሥሩ በሐኪሙ እጅ «ሰኔ አራት ጠዋት ጀመረ» ተብሏል። ጀርባው ላይ ደግሞ በእናቷ እርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ፉጨቱ ዛሬም አለ። ለአሥራ ሰባት ይሆናል።»

ሦስት ደቂቃ ሙሉ ያስፈራት ሙዚቃ አልነበረም። የእናቷ ጭንቅላት ውስጥ ገብታ ነው የወጣችው። በጣቷ ቆጠረች፤ ዛሬ ሰኔ አሥራ ሰባት ነው፤ አሥራ ሦስት ቀን አልፏል። አንድ ቀን ቀርቷል።

አያቷ ኩሽናው ውስጥ ሳህን ያጥባሉ። አርባ አንድ ዓመት ፒያኖ ሲቃኙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጆሯቸው ላይ የተሰካው መሣሪያ ከሌለ ነጎድጓድም አይሰሙ።

«አባባ፣ ያውቁ ነበር?»

«ምኑን?»

«ጆሮዋን።»

አዛውንቱ ሳህኑን ደግመው አለቀለቁት። «የሩዝ ማብሰያው በቀኟ ሲጮህ ዝም ያለች ዕለት አወቅሁ።»

«ነገረችዎት?»

«አልነገረችኝም። እኔም አውቃለሁ አላልኳትም።»

«ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? በዚህ ቤት ጤነኛ ጆሮ ያለኝ እኔ፤ ምንም የማይነገረኝ እኔ!»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አሉና ወዲያው ያሉት ነገር ገብቷቸው ዓይናቸውን ሰበሩ። ከዚያ ለውሃው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ሥራው ላይ ሃያ ምናምን ሰው እንዳለ፣ አንዱ ከቆመ ሁሉም እንደሚቆም፣ እናቷ ሰው ማስቸገር እንደማይሆንላት ነገሯት። አስረክባ ስትጨርስ ትሄዳለች አሉ። መቼ ነው የምታስረክበው? የሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ። ኮዙኤ አያቷን አየቻቸው፤ መቁጠር የሚያውቁ ሰው ናቸው። እርሳቸውም አንድ ጊዜ፣ የኮንሰርት ወቅት ነው ብለው፣ ለአሥር ቀን ብቻ ብለው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ ቆይተው ያውቃሉ። ጣታቸውን ወደ ጆሯቸው መሣሪያ አነሱና መልሰው ሳሙናው ውስጥ ነከሩት።

መናገሩስ ቀላል ነበር። ግን ኮዙኤ ብትናገርስ? አንድ ጆሮ ብቻ ላላት ሙዚቀኛ ማን ሥራ ይሰጣል? ስምንት ዓመት ሽሪምፕ ስታሻሽጥ የኖረች ሴት ዛሬ ገና መምህርት ተብላ ተጠራች። አፏን ከከፈተች እናቷ ሥራዋን ታጣለች፤ ከዘጋች ጆሮዋን። ኮዙኤ ፖስታውን የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችውና፣ «እማ፣ ዛሬ ስቱዲዮ አብሬሽ ልሂድ፤ ኬኩን እሸከምልሻለሁ» አለች። ሺኖቡ ፀጉሯን በፎጣ እያሸች ብቅ አለች። ኮዙኤ ለመሸከም ፈቃደኛ ስትሆን ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ስለነበር እናቷ ግንባሯን በእጇ ዳበሰችላት፤ ትኩሳት እንዳለባት ለማየት።

ኬኩ የግድ ነው። ስቱዲዮ ባዶ እጅ አይገባም። ጣቢያው አጠገብ ካለው ሱቅ፣ በጣፋጭ ባቄላ የተሞላ፣ አንድ አንዱ ለብቻው የተጠቀለለ፣ ባለ አሥራ ሁለት ሳጥን በሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ የን ተገዛ። ሺኖቡ ሻጯን ሦስት ጊዜ «ምን አልሽኝ?» ብላ ጠየቀቻት፣ ሦስት ጊዜም ይቅርታ ጠየቀቻት። ኮዙኤ አሁን ሁሉንም ታያለች፤ እናቷ አንገቷን እንደ ዶሮ ወደ ግራ እያዘመመች እንደምትሰማ፣ ያልሰማችውን በፈገግታ እንደምትሸፍን። ጠባቡ መንገድ ላይ ከኋላ የብስክሌት ደወል ተንጫረረ። ኮዙኤ እናቷ ፈቀቅ ትላለች ብላ ጠበቀች። አላለችም። ደግሞ ተንጫረረ። ሕፃን ያዘለች ሴትዮ ናት፣ በፍጥነት፣ በቀኝ በኩል፤ ኮዙኤ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ስትጎትታት የብስክሌቱ መሪ ጃንጥላውን ገጭቶ አለፈ። ሺኖቡ ሳቀች። «ምን ሆነሽ ነው፣ ኬኩን ልትደፊው ነው እንዴ?» ኮዙኤ ባቡሩ ውስጥ የእናቷን እጅጌ እንደ ሕፃን ይዛ ቆመች። ዝናብ የጠገበ ጃንጥላ ይሸታል፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አቀርቅሮ ያያል፣ ማንም አያወራም። እዚያ ውስጥ ተናግራ ቢሆን ኖሮ ሃምሳ ሰው በሰማት፤ አልተናገረችም። እናቷ የሷን ዝምታ ጨዋነት አድርጋ ወሰደችው።

ስቱዲዮው ዮዮጊ በሚባል ሰፈር ውስጥ ምድር ቤት ነው። ጫማ አውልቀው ነጠላ ጫማ አደረጉ። ኩራሞቺ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ግዙፍ ሰው ነው፤ ኬኩን ሲያይ እጁን አጨበጨበ። «ሁለት መብላት ይቻላል?» አለ። ድምፁን የምትቆጣጠረው ቀጭኗ ኢቡኪ፣ «ሐኪምዎ ግማሽ ነው ያለው» ብላ ከማሽኑ ሳትዞር መለሰችለት። ኮዙኤ ጨካኝ አለቃ አገኛለሁ ብላ ነበር፤ ሰውዬው ግን ደግ ነበር፤ ይህ ደግሞ ነገሩን ይብስ አከበደው። እናቷ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ኮዙኤ በስተቀኟ። ሥዕሉ ተሠርቶ መጥቷል፤ አሥራ ሰባት የሚለጠፍበት።

መብራቱ ዝቅ አለ። ሥዕሉ ላይ ኮዙኤን የምታህል ልጅ ገበታ ታሰናዳለች። ሦስት የሩዝ ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጣለች። በሩን ታያለች። ማንም አይመጣም። አንዱን ታነሣዋለች። ትቀመጣለች። ሁለተኛውን ታነሣዋለች። ሌላ ምንም የለም፤ ጭራቅ የለም፣ ደም የለም። በትልቁ ስፒከር የታችኛው ድምፅ ሲተነፍስ ሶፋው ራሱ ተንቀጠቀጠ፣ ፉጨቱም ከቀኝ በኩል ገብቶ አልወጣም አለ። ኮዙኤ ዓይኗን ብትጨፍንም ይሰማታል። ያቺ የሥዕል ልጅ ስማቸውን እየጠራች መሰላት፤ የምትጠራቸው ቤት ውስጥ አሉ፣ ግን አይሰሟትም። ሥዕሉ ሲያልቅ ኢቡኪ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ኩራሞቺ ፎጣውን ጨምድዶ ይዟል።

«ከቀኝ ብቻ!» አለ። «ከቀኝ በኩል ብቻ እንዲመጣ ማድረግሽ! ሰው የማያየው ጎን አለው አይደል፣ ከዚያ ነው የመጣሽበት። እንዴት አሰብሽው?»

«እኔ ደግሞ ስሕተት መስሎኝ ነበር» አለች ኢቡኪ እያፈረች። «መምህርትን መጠየቅ ከበደኝና ሳልነካው ተውኩት።»

«እንዳትነኪው! ፉጨቱስ መምህርት፣ በምን መሣሪያ ነው?»

ሺኖቡ አንገቷን አዘመመች። «ቤት ውስጥ ያገኘሁት ነው» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ኢቡኪ አሥራ ሰባትን ዝቅ አድርጋ፣ እየተመላለሰ እንዲጫወት ለቀቀችው፤ በግራ በኩል ያለውን ስፒከር እየቃኘች። ኩራሞቺ ኬኩን እየገመጠ ዝርዝሩን አወጣ። የፊልሙ ሰዎች ወደውታል፤ እንዲህ ዓይነት ሦስት ተጨማሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚህ የባሰ፣ ከዚህ የቀረበ። እስከሚቀጥለው ረቡዕ ይደርስ ይሆን?

«እሺ» አለች ሺኖቡ።

እንዲህ ነው ያለችው፤ ሻይ ይጨመርልሽ እንደተባለ ሰው፣ እሺ። ኮዙኤ ረቡዕን ቆጠረች። አሥራ ዘጠነኛ ቀን። ሦስት ፍርሃት ከየት ነው የምታመጣው? ካንድ ጆሮ ያወጣችው ይኸው ነው፤ ቀሪው አንድ ጆሮ ነው ያላት። ምላሷ፣ ያ የሠላሳ ዓመቱ ምላስ፣ ደርቆ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ፖስታውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ጥበብ አይደለም» አለች። ድምፅዋ የድመት ግልገል ሆኖ ወጣ። «እማዬ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። ፉጨቱ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ነው። ዛሬ ወይ ነገ ሆስፒታል ካልገባች በዚያው ይቀራል።»

የኩራሞቺ መንጋጋ ኬክ ይዞ ቆመ። ኢቡኪ ከወንበሯ ተነሣች። ሺኖቡ ግን ፈገግ ብላ ለሁለቱም እጅ ነሣች። «ሙዚቃ በጣም ትወዳለች፤ አንዳንዴ አፏ አያርፍም፣ ይቅርታ አድርጉላት» አለች። ሙዚቃው በግራዋ እየተመላለሰ ነው፤ ልጇ ደግሞ በቀኟ ነበረች። አልሰማችም። ከክፍሉ ውስጥ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት፤ እዚያ ተቀምጣ፣ ደስ ብሏት፣ የልጇ ምስጋና የመሰላትን ስትቀበል ኮዙኤ አየቻት። ከዚህ ወዲያ ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ኩራሞቺም ኢቡኪም ጨዋዎች ናቸው፣ እንዳልሰማ ሆነው ኬክ ይቀጥላሉ፣ አያቷ እንደቀጠሉት። ኢቡኪ እጇን ወደ ማሽኑ ሰደደችና ድምፁን አጠፋችው። ኮዙኤ ተነሥታ በእናቷ ፊት አልፋ ወደ ግራዋ ዞረች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆ ቀረ። ተንበርክካ አፏን ከእናቷ ግራ ጆሮ አስጠጋችና ደግማ ተናገረችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት፤ አሁን የሚሰማ አለ።

የሺኖቡ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ትንሽ ቆየ። ፖስታውን አየችው። ኩራሞቺን አየችው። «ይቅርታ» አለች፤ «ሁላችሁንም አስቸገርኳችሁ።»

«መምህርት…» አለ ኩራሞቺ። ፎጣውን ከአንገቱ አውጥቶ አጠፈው፤ ከፖስታው ጋር የተሰካውን ቢጫ ወረቀት አንሥቶ አነበበ። «ታክሲ እጠራለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀበላሉ ይላል ወረቀቱ። አሁን ዘጠኝ ከሃያ ነው። ሥራው… ሥራው ይጠብቃል።» ይጠብቅ አይጠብቅ እርሱም አያውቅም፤ ከድምፁ ያስታውቃል።

ሺኖቡ ቦርሳዋን ዘጋች። የልጇን የወለቀ ነጠላ ጫማ አንሥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። ኮዙኤ እጇን ያዘችው። ክፍሉ ጭው ብሎ ነበር፣ ያ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ የምድር ቤት ጭውታ።

«እሺ እንሂድ» አለች ሺኖቡ። ከዚያ ወደ ኢቡኪ ዞረች። «እባክሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ፉጨት አጥፊልኝ።»

ኢቡኪ ኮዙኤን አየቻት።

«አጥፍቼዋለሁ መምህርት» አለች በቀስታ። «ቅድም ነው ያጠፋሁት።»